የቅዳሜው ፊልም መጨረሻ

ኮዬ ፈጬ ውሃ የመጣ ዕለት ብሎኩ ሁሉ ልብሱን ይዞ ይወርዳል። ሃዊ ሕፃኗን አዝላ ጨርቅ ስታሰጣ፣ የብሎኩ ሰብሳቢ ጋሽ ቀናው የጋራ ቤቱን ሊቆልፉ መጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ልጆችን ሰብስባ ፊልም የምታሳየው እዚያ ነው። ትምህርቷን አቋርጣ ካገባች ወዲህ የኔ የምትለው ሥራ ይኸው ብቻ ነበር። አሁን ግን «ነውር ታሳያለች» የሚል ክስ መጣባት። የከሳሹን ስም የነገራት የለም፤ ጎረቤቷ እትዬ ዙፋን ግን ከገመዱ ማዶ አንዱን አንሶላ ደጋግመው ይጨምቃሉ።

ሃዊ መቼም ዝምተኛ ናት። መጀመሪያ ስለ ፀሐዩ አነሳች፣ የጋሽ ቀናውን ጉልበት ጠየቀች። ከዚያ ወደ ሰው አገር ሕግ ዞረች። ኩዌት ያለችው ጓደኛዋ አዚዛ እንዳወራቻት፣ እዚያ ፊልም ላይ መሳሳም ሲመጣ ቆርጠው ይጥሉታል። ጀርመን ደግሞ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን ፊልሙ ላይ ይጽፉበታል አሉ። የኛ አገር ሕግ ግን ይቀላል... ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ ልጆቹን ውሃ አምጡልኝ ብሎ መላክ ነው። ሰው በጥይት ሲረግፍ ግን ማንንም ውሃ አይጠማውም።

«እኔ እኮ ጋሼ፣ እኚያን የከሰሱኝን እናት ማመስገን ነው የምፈልገው» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «ማን እንደሆኑ በምን አውቄ... ብቻ ትጉህ ናቸው። የፊልሙ ሴትዮ መጨረሻ ላይ ባሏን ትታ ከሾፌሩ ጋር ትሄዳለች ብለው የለ? እኛ እኮ መሀሉ ላይ መብራት ሄደብን፤ ልጆቹም እኔም መጨረሻውን አላየነውም። ለካ ሄዳለች? በማግስቱ አንድ ደግ ጎረቤት ልመርምርላችሁ ብሎ የፊልሙን ፍላሽ ወስዶ ሳምንት አቆየው። ሥራ በዝቶበት ይሆናላ፣ ሌላ ምን ሊያደርግበት? ለሰው ልጅ ብሎ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ የሚያይ... እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል?»

ማዶ የአንሶላው ውሃ መንጠባጠብ ተወ። ጋሽ ቀናው አንዴ ገመዱን፣ አንዴ እሷን አዩና ቁልፉን ኪሳቸው ከተው፣ በሩን እንደተከፈተ ትተው ሄዱ።

ሃዊ የመጨረሻዋን ጨርቅ አራግፋ ሰቀለች።

«ለእኚያ እናት ዕድሜና ጤና ይስጥልን» አለች ከኋላቸው፣ ማዶ እንዲሰማ አድርጋ። «ባለቤታቸውንም አንድ ቀን እንኳን በጊዜ ቤት ያግባላቸው... እንዲያ ያለውን ፊልም ለብቻ ማየት ይከብዳል።»