እጁን ከኪሱ የማያወጣው ጀግና

ዛሬ ጠዋት አንዲት ልጅ መድረኩ ሥር ቆማ የድሮ አለቃዬን «ጀግናውን እጁን ዘርግቶ ይሳሉልኝ» ብላ ለመነች፤ አልሳሉላትም፤ አዳራሹም ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ሰው ሁሉ ቆሞ ብቻዬን ብቀመጥ ምን ይባላል?

ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ የእህቴ ልጅ። ከጠዋት ጀምሮ እየተሯሯጥሽ ነው፤ ይህን ሁሉ የጀግናውን አድናቂ የምታስተናግጂው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ? ምሳ ሰዓት ነው፣ ሻይ እንኳ ጠጪ። ኮትሽ ደግሞ እንዴት ያምራል! የጀግናው ነው አይደል? ራስሽ ሰፋሽው? እሰይ። ኪሱም ጥልቅ ነው… አዎ፣ የሱ ኪስ ጥልቅ መሆን አለበት።

ምን ያስቅሻል? ስለ ልብስ ስፌት ነው የማወራው።

ይህን በሥዕል የሚሠራ ፊልም እናንተ አኒሜ ትሉታላችሁ። እኛ ሥራ ነበር የምንለው። ዘጠኝ ሰው በአንድ ክፍል፤ እኚህ ሰውዬ አለቃ፣ እኔ ቀለም ቀቢ። ሌሎቹ በስስ ፕላስቲክ ፊት ላይ መስመሩን ይስላሉ፣ እኔ በጀርባው ቀለም እሞላለሁ። ሲበርድ ቀለሙ ይረጋል፤ ብልቃጡን ብብታችን ውስጥ ከትተን እናሞቀው ነበር። የምተኛው ከጠረጴዛዬ ሥር ነው። ስለ ብርዱ አላወራም። አለቃችንን ግን ብርድ አይነካቸውም ነበር… እጃቸውን ከኪሳቸው አያወጡማ!

ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት እሳቸው ናቸው እንዴ? ይብሉ፣ ይብሉ፤ አንረብሻቸውም። ድምፄ ከፍ ካለብሽ ጆሮዬ ደክሞ ነው። «አንቱ» ማለቴስ ገረመሽ? ድሮ አንተ ነበር የምንባባለው። ዛሬ አዳራሽ ሙሉ ሰው አንቱ ሲላቸው እኔ ብቻዬን ልድፈራቸው?

የፊልሙን መጀመሪያ ታስታውሻለሽ? እንዴት ላታስታውሺ፣ በቃልሽ ነው የምትወጪው። ጀግናው ብርቱካን ይልጣል፣ የጫማውን ክር ያስራል፣ ለታናሽ እህቱ ጸጉር ይጎነጉናል። እንዴት ያሉ ጣቶች! ከዚያ አሥራ ሦስተኛው ክፍል ላይ ድንገት ሁለቱን እጁን ኪሱ ከተተ። በቃ፣ እስከ ፍጻሜው አላወጣቸውም። ከገደል ሲወድቅ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ወንዝ ሲዋኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። የሠርጉ ዕለት ሙሽራዋ ቀለበቱን ኪሱ ውስጥ ጣል አደረገችለት፤ እናንተም አለቀሳችሁ። እኔም እንባዬ መጥቶ ነበር… በሌላ ምክንያት።

«ዓለም ስላቆሰለው ነው እጁን የሰበሰበው» ትላላችሁ። አንቺ ሸሚዝ ላይ ሁሉ አሳትመሽዋል። አድናቂዎቹ ስትገናኙ እንኳ እጃችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ነው ሰላም የምትባባሉት። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጥልቅ ነው። እኛ የምንሠራበት ክፍል የነበረው ምክንያት ግን አጭር ነበር፦ አሥራ ሁለተኛው ክፍል ባለቀ ማግስት እታለም ሄደች።

እታለም የክፍሉ ታላቅ እህታችን ናት። እጅ የምትስለው እሷ ነበረች። ፊት የሚያሳምር ሞልቷል፤ እጅ ግን ሰው ያጋልጣል። «ስሜ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ይጻፍ» አለች። አለቃችን አዛኝ ናቸውና ስሟ እንዳይደክም ብለው አሳረፉላት። እሷንም አብረው አሳረፏት።

ውሸት እግር የለውም ይላሉ አባቶች። ስለ እጁ ዝም ብለዋል።

ኧረ እኔ አይችሉም አላልኩም! አይችሉም የሚል ቃል ከአፌ ወጣ? በሄዱበት ሁሉ ይስሉ የለም እንዴ? ፊቱን ይስላሉ፣ ትከሻውን ይስላሉ፣ ወደ ኪሱ ሲቃረቡ ይፈርማሉ። ፊርማቸው ደግሞ ሲያምር! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ሲሠራ ያልሳለ ሲፈርም ግን ምን ይቆጨዋል? አንድ እጅ አያጨበጭብም ሲባልም እሰማ ነበር። ሁለቱን ኪስ ከቶ አዳራሽ ማስጨብጨብን የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ይህም ተሰጥዖ ነው… ሁሉ ሰው አልታደለውም።

ከምሳ በኋላ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ መድረክ ላይ ይናገራሉ አሉ። ሁለት ወንበር አውጥታችሁ ነበር፣ «ብቻዬን ለሠራሁት ሁለት ወንበር ምን ያደርጋል?» ብለው አንዱን አስመለሱት አሉኝ። ዕቃ እንዳይባክን አስበው ይሆናል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የዋህ ጅብ ነው። ብልህ ቢሆን የሌላውን ቁርበት ያስነሣ ነበር።

እታለም? አለች እንጂ! እስካሁን አላየሻትም? እንደ ማንም ትኬቷን ቆርጣ ገብታ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ግራጫ ሹራብ የለበሰችው። የጠዋቷ ልጅ ዐይኗን እያባበሰች ስትመለስ አጠገቧ አስቀመጠቻትና ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገችላት። ልጅቷ ይኸው ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትዞራለች። መነጽሬን ስላልያዝኩ ደህና አድርጌ አላየሁትም… አምስት ጣት ያለው ነገር ይመስላል።

ወዴት ነው? ሻይሽን ሳትጨርሺ? ወንበር?… እኔ ስለ ወንበር ምን አልኩ? እሺ፣ አንሺው እንጂ አትጎትቺው፤ ይጮኽና ጉሮሯቸው ላይ ይቆምባቸዋል።

እኔ እንኳ ክፉ አልመኝላቸውም። ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው! እኔንም ይቅበሩኝ፣ እታለምንም ይቅበሩ፤ የሚታዘባቸው ዐይን ሁሉ ተከድኖ «ብቻዬን ሠራሁት» እያሉ ደስ ብሏቸው ይኑሩ። አሜን በይ እንጂ።

ለጊዜው ከዚያ ክፍል የቀረነው ሦስት ነን፤ እሳቸው፣ እኔና እታለም።