አባባ፣ ላንሳዎት?

ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ስመለስ ሰፈሬ ጫፍ ላይ ዝናብ ያዘኝ። ክፍሌ ያለችው ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ስለሆነ ደረጃውን ወጥቼ መግባት እችል ነበር፤ ግን ባዶ ቤት ለመግባት ማን ይቸኩላል? ዝናቡን ሰበብ አድርጌ ሱቁ ገባሁ።

ልብስ ሰፊው እንደ ልማዳቸው ለበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰዋል። አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው፣ ሁላችንም ሚጢጢ የምንላት፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቅ በየቀለሙ ትለያለች። ከመኪናው አጠገብ አንዲት ወንበር አለች። ሟች ባለቤታቸው ቁልፍ ሲሰፉ የሚቀመጡት እሷ ላይ ነበር። ረስቼ ልቀመጥባት ስል ሚጢጢ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ቀስ ብዬ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ።

ወዲያው አንድ ወጣት ውሃ እያንጠባጠበ ገባ። የሚጢጢ አስተማሪ ነው፤ ካሜራውን ከዝናብ ለማዳን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦታል።

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? ዝናቡ አስገባኝ እንጂ ላነጋግርዎት ካሰብኩ ቆይቻለሁ» አለ።

«ስለ ፎቶው ከሆነ አልፈቅድም ብያለሁ» አሉ ሳይዞሩ። «ግን ግባ፣ ልጄ። ዝናብ ውስጥ ማንንም አላቆምም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ወንዝ ዳር ይወስዳል። ካሜራዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ልጆቹ እየተቀባበሉ ፎቶ ያነሳሉ። ከክፍሉ የቀረችው ሚጢጢ ብቻ ናት።

«እስቲ ምን ምን እንደሚያነሱ ንገረኝ» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ያገኙትን ነው፣ ጋሼ። ቅጠል፣ ወፍ፣ ጉንዳን፣ ሣር...»

«ሣር!» መኪናው ቆመ። «ሣር ፎቶ የሚነሳው ምን ሆኖ ነው? ተመርቆ ነው? አግብቶ ነው? በእኛ ጊዜ ፎቶ ማለት ቁም ነገር ነበር። ሰው ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ፎቶ ቤት ሄዶ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ልጅ ደግሞ ትምህርቱን ይማር። ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ጉንዳን ቢያሳድድ ምን ሊሆን ነው?»

እኔ ሰው ሲከራከር ዝም ማለት አይሆንልኝም። «ጋሼ፣ ጉንዳን አሳዶ የታመመ ልጅ እስካሁን መድኃኒት ፍለጋ አልመጣብኝም። ስልክ ላይ ሲያፈጥ ውሎ ራሱን ያመመው ግን ሞልቷል» አልኩ።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠየቀሽ?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ሳቅ ነበረበት።

መምህሩ በትሕትና ቀጠለ። «ክፍል ውስጥ መቀመጥ የማይሆንላት አንዲት ተማሪ አለችኝ። ባለፈው ግን የበረረችባት ወፍ እስክትመለስ ድረስ ቁጥቋጦ ሥር ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች። ትዕግሥትን እኔ በንግግር ላስተምራት አልቻልኩም ነበር። ሰው ማንሳት ሲፈልጉም መጀመሪያ ያስፈቅዳሉ፤ እምቢ ከተባሉ አመስግነው ይሄዳሉ። ብርሃን ከየት እንደሚመጣ፣ ጥላ የት እንደሚወድቅ ያያሉ።»

«ማየትማ ያለ ካሜራም ይታያል።»

«ይታያል፣ ጋሼ። ግን ማን ቆም ብሎ ያያል?»

ልብስ ሰፊው መቀሱን አንስተው ጨርቅ መቁረጥ ሲጀምሩ ሚጢጢ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ፎቶ ቀና አለች። ባለቤታቸው በወጣትነታቸው ፎቶ ቤት የተነሱት ነው፤ አንገታቸው ደርቋል፣ ዓይናቸው ፈጥጧል።

«አባባ፣ እማማ እንዲህ ነበሩ?» አለች።

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጡ። «አልነበረችም» አሉ። «ሳቂታ ነበረች። ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ትስቅ ነበር። ፎቶ አንሺው ነው አትሳቂ፣ አትንቀሳቀሺ ያላት። እሷም እሺ አለች።»

«ሲስቁ የተነሱት የለም?»

«የለም።»

መምህሩ በዚህች ቃል ክርክሩን መርታት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ተናገሩ።

«እውነቱን ልንገርህ፣ ልጄ። ሣሩም ጉንዳኑም ሰበብ ነው። ሌላውን ቀን ትምህርት ቤት ትውላለች። ቅዳሜም ከሄደች እኔና ይሄ መኪና ምን እናወራለን?»

ይህን ብቸኝነት አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ከላይ ጋደም ብዬ የመኪናቸው ድምፅ በወለሉ በኩል ሲመጣ፣ ሰው አለ ብዬ እጽናናለሁ። እሳቸውም ከሥር ሆነው ኮቴዬን ሲሰሙ እንዲሁ ይሉ እንደሆነ እንጃ።

«እንግዲያው አብረውን ይምጡ» አለ መምህሩ።

«በዚህ ጉልበት?» አሉና ወደ ስፌታቸው ዞሩ። ነገሩ አበቃ ማለታቸው ነው።

ዝናቡ አባርቶ የምሽት ፀሐይ በበሩ ገባች። ሚጢጢ መምህሯን በዓይኗ ለመነችው፤ ካሜራውን አንገቷ ላይ አጠለቀላት። ከአያቷ ጀርባ ቆማ፣ ከልጆቹ እንደሰማችው አስፈቀደች።

«አባባ፣ ላንሳዎት?»

«እኔን!» ቱግ አሉ። «መነሳት አቃተኝ አልኩሽ? ገና ማንም አያነሳኝም!»

የባለቤታቸውን ወንበር ተደግፈው ብድግ አሉ። ዞር ሲሉ ካሜራውን አዩ፤ ስህተታቸው ገባቸውና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ይቅር፣ አባባ?» አለች ሚጢጢ፣ እምቢ ማለታቸው መስሏት።

«ኧረ አንሺ! አንሺኛ!» አሉ እየሳቁ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ካሜራውን ከአንገቷ አውልቃ አሳየቻቸው። ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ነች፣ እጃቸው ወንበሯ ላይ፣ አፋቸው እስከ መንጋጋቸው ተከፍቷል። «ጥርሴ እንዲህ አልቋል እንዴ?» አሉ። ካሜራውን ግን አልመለሱም። ቆየት ብለው፣ «በዚህችኛዋ ፎቶ እሷ ብታየኝ ታውቀኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረው፣ «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት?» ብለው ጠየቁ።

ይህን የምጽፈው ልጆቻቸውን ከቤት ለማስወጣት ለሚያመነቱ ነው። ካሜራ ይዞ ሜዳ የወጣ ልጅ መጠበቅን ይማራል፣ ማስፈቀድን ይማራል፣ ትንሹን ነገር አይንቅም፤ ሲሮጥ ስለሚውልም እንቅልፉ ይጥመዋል። ካሜራው ውድ መሆን የለበትም፤ ለብዙ ልጆች አንድ ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን የሚወደው ሰው እንደ እንጨት ሳይደርቅ፣ እንደነበረው ሆኖ ይቀርለታል።

ቅዳሜ ጠዋት የስፌት መኪናው ድምፅ አልነበረም። ወለሉ ጭጭ ሲል ቤቴ ይበልጥ ሰፋብኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከደረጃው ሥር የልብስ ሰፊው ድምፅ መጣ።

«ፋርማሲስቷ! ተነሺ እንጂ!»

ተነሺ ያሉኝ ለመንገዱ ይሁን ለፎቶው አልጠየቅሁም። ተነሳሁ።