ተራ ጫማዬና የበሩ ውሻ

ክብርት ኃላፊያችን፣ ክቡራትና ክቡራን የላቦራቶሪው ባልደረቦቼ፣

ይህን ሻይ አዘጋጅታችሁ፣ የናሙና መቀበያውን ክፍል እንዲህ አሳምራችሁ ስለጠበቃችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያች መስኮት ሳጥን ሳቀብል ኖሬ፣ ከመስኮቱ ወዲህ ወንበር ተሰጥቶኝ ስቀመጥ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ለካ ከዚህ ሲያዩኝ ላቤ ሁሉ ይታይ ነበር።

ለማታውቁኝ አዲስ ገቢዎች፣ እኔ የናሙና አመላላሹ ነኝ። ከከተማው ክሊኒኮች ደም ሰብስቤ በብስክሌት አመጣለሁ። ከናንተ ጋር ያልተከራከርኩበት ነገር የለም፤ ከሁሉ የረዘመው ግን የጫማ ክርክር ነው።

ጠቅታ፣ አትደበቂ፣ አይቼሻለሁ። ይህች ልጅ የዳር አገሩን መስመር የምትሠራ ባልደረባዬ ናት። ጫማዋ ሥር ያለችው ብረት ኮሪደሩን ጠቅ ጠቅ ስታደርገው ገና ሳናያት መምጣቷን እናውቃለን፤ ስሙም ከዚያ ወጣላት። ፔዳሏ ያችን ብረት ይቆልፋታል። ለመውረድ ተረከዝን ወደ ውጭ ማዞር ነው፤ አለበለዚያ አይለቅም።

«ጋሼ፣ በዚህ ብረት ዳገት ላይ እግርህ ሲወርድ ብቻ ሳይሆን ሲወጣም እኮ ፔዳሉን ይስባል» ትለኛለች።

«እኔ በቀን አርባ ጊዜ ወርጄ ደረጃ የምወጣ ሰው ነኝ። በዚያ ብረት የክሊኒክ ሴራሚክ ላይ ልፈንገል?» እላታለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም ልክ ነበርን። እሷ አንዴ ከተነሳች አንድ ሰዓት ሙሉ አትወርድም። እኔ ደግሞ ጎማ ሶል ያለው ተራ ጫማዬን አድርጌ ዘልዬ ወርጄ፣ ሮጬ ገብቼ፣ ሮጬ እወጣለሁ። እዚያ ላይ ብንተወው ምን ነበረበት?

አልተውኩትም። አንድ ቀን በሆስፒታሉ ዳገት ላይ፣ ሳጥኗ ሞልቶ፣ እያፏጨች አለፈችኝ። ማለፉንስ ትለፈኝ፣ ምን ያስፏጫታል? በሳምንቱ ፔዳሉንም ጫማውንም ገዛሁ። ያችውላችሁ ባለቤቴ፣ «በዚህ ዕድሜህ እግርህን ቆልፈህ የት ልትደርስ ነው?» አለችኝ። ጠቅታ ደግሞ፣ «መጀመሪያ እግርህ ቶሎ እንዲለቅ የፔዳሉን ስፕሪንግ አላላው። ሳር ላይ ሆነህ መውጣቱን ተለማመድ» ብላ መከረችኝ። ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው ሳር ላይ? እምቢ አልኩ።

አሁን የምነግራችሁን ባለቤቴም አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እዚሁ ግቢ በር ላይ ደረስኩ። ጥበቃችን ሻምበል አንዱን በር ከፍቶልኝ፣ ሌላውን ሊጎትት ጀርባውን ሰጠኝ። ብስክሌቱን አቆምኩ። ተረከዜን ግን ማዞር ረሳሁ። እግሬን ብጎትት፣ ብጎትት፣ የት አባቱ! ከነብስክሌቴ በጎኔ ተዘረርኩ። ሳጥኑ ተከፈተና ሁለት ብልቃጥ ተሰበረ። አንደኛው የሕፃን ደም ነበር። እናትየው በማግሥቱ በሁለት አውቶቡስ ተመልሳ ልጇን እንደገና አስወጋች። ያንን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ኃላፊያችን በመስኮት ብቅ ብለው «ምን ሆኑ?» አሉኝ። ነብሮን ታስታውሱታላችሁ? የሻምበል ውሻ። ስሙ ነብሮ ይባል እንጂ ድመት የሚያባርረው ነበር። እንደ ልማዱ ጥላው ሥር ተኝቷል። እኔም «ውሻው ገባብኝ» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በሳምንቱ በሩ ላይ «በግቢው ውስጥ ውሻ ማቆየት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሻምበል ነብሮን በገመድ አስሮ ከወንዙ ማዶ እህቱ ቤት ወሰደው። እኔ ፔዳሉን ፈትቼ ወደ ተራ ጫማዬ ተመለስኩ። ለጠቅታ «ለጉልበቴ አልተስማማኝም» አልኳት።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ። ለምን ብትሉ፣ ሻምበል ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ስመጣ ወጥቶ የብስክሌቴን ኮርቻ ይዞ ያቆምልኛል። በየጠዋቱ። አንድ ቀን «ተው እንጂ» ብለው፣ «ውሻዬ ጥሎህማ ዝም ብዬ አላይም» አለኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፈርኩና «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ገባሁ።

ሻምበል ወንድሜ፣ ነብሮ ንክችም አላደረገኝም። ከጥላው አልተነሳም። የጣለኝ ኩራቴ ነው። በድዬሃለሁ፣ ይቅርታህን እለምናለሁ። አሁኑኑ መልስ አልልህም።

ክብርት ኃላፊያችን፣ ለስንብት ስጦታ ምን እንደምፈልግ በሰው አስጠይቀውኝ ነበር። ያ ማስታወቂያ ይነሳልኝ። ሌላ አልፈልግም። ያንን ጫማና ፔዳል ደግሞ ሦስት ቀን ብቻ ተደርጎ ካርቶኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጠቅታ፣ ለሚተካኝ ሰው ስጪልኝ። ከፈለገ ይቆልፍ፣ ካልፈለገ በተራ ጫማው ይንዳ፣ ምርጫው የሱ ነው። ሳር ላይ ሳታለማምጂው ግን እንዳትለቂው።

በሉ፣ ጠዋት እንደወጣችሁ ማታ በሰላም ግቡ። የምታመጡትም የምትመረምሩትም ናሙና ሁሉ የመልካም ዜና ይሁን። ዳገቱ ይቅለላችሁ፤ ብትወድቁም ያነሳችሁን ሰው ዓይኑን ሳታፍሩ የምታዩ ያድርጋችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ።

ሻምበል፣ ነገ የዕረፍት ቀንህ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ከነገ ጀምሮ ሥራ የለኝም። ፈቃድህ ከሆነ ጠዋት ቤትህ እመጣለሁ፣ ወንዙን አብረን ተሻግረን ነብሮን እናመጣዋለን። ገመዱን እኔ እይዛለሁ።