ሳይቀምስ የሚሰጥ አሳላፊ

እኔና ባሌ አለሙ ጎንደር አራዳ፣ በኪራይ ቤት ሃያ ዓመት ጠጅ ሸጠናል፤ እኔ እጥላለሁ፣ እሱ ያሳልፋል። እሱ ሲሞት አከራያችን ቤቱን ወሰደብኝ። ሰሞኑን በዚያ ሳልፍ የአከራያችን ልጅ ጠጅ ቤቱን መልሶ ከፍቶታል፤ በሩ ላይ ባቆመው ጥቁር ሰሌዳም «በአያቴ የተመሠረተ» ብሎ በጠመኔ ጽፏል። ከነሐዘን ልብሴ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ራሱ ብርሌ ሞልቶ አቀረበልኝ።

«አትቀምስም እንዴ?» አልኩት።

«ምኑን ልቅመስ፣ እትዬ?»

«የዚህ ቤት አሳላፊ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። አያትህ ይህን አልነገሩህም?»

የድሮ ደንበኛችን አያ ፈንቴ ከጥግ ሆነው ሳቁ። «እውነቷን ነው። አለሙ፣ ሰክሬ ምኑንም በማልለይበት ሰዓት እንኳ ሳይቀምስ ሰጥቶኝ አያውቅም» አሉት።

ጠጪው ሁሉ ወደ ልጁ ዞረ።

«ጠመኔውን አምጣ» አልኩት። አመጣ። ወጥቼ ሰሌዳው ላይ «በአያቴ» ካለው ሥር «ጠጁን የጣለችው የሺ፣ የቀመሰው አለሙ» ብዬ ጻፍኩ።

«ብታጠፋው ነገም መጥቼ እጽፈዋለሁ» አልኩት። ጠመኔውን ግን አልመለስኩለትም።