ኪሴ ውስጥ የጮኸው ጀግና

የቀበሌ ስብሰባ ላይ ኪሳችሁ ጮኾባችሁ ያውቃል? እኔ ኮልፌ፣ በደርግ ጊዜ፣ ጮኾብኛል። መርከበኛው አጎቴ በመዳፍ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክስ ጌም አምጥቶልኝ ነበር። ውስጡ ያለው ከኮሚክ መጽሔት የማውቀው፣ ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና ነው። ሱስ ስለሆነብኝ ከኪሴ አይለይም። እና ያን እሁድ ሊቀመንበሩ ስለ ሰርጎ ገቦች እየደነፋ ሳለ፣ እግሬን ላነባብር ስል ኪሴ "ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ" አለ። አጠገቤ የነበሩት እትዬ ዘነቡ "ፈንጂ!" ብለው ሲጮኹ ወንበሩ ሁሉ ተገለባበጠ። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ደቅኖ ጌሙን ከኪሴ አስወጣኝና መድረክ ላይ አወጣኝ።

"ምንድነው ይሄ?" አለ ሊቀመንበሩ። "መጫወቻ ነው፣ ጓድ።" "እስቲ ተጫወት!" አፈሙዙ ጎኔን እየነካኝ ተጫወትኩ። ቁልፉን ሳትኩና ጀግናው ከፎቅ ወድቆ ሞተ። ወዲያው ደግሞ ብድግ አለ። "ሞቶ አልነበር እንዴ?" "ሦስት ነፍስ አለው፣ ጓድ።" ትክ ብሎ አየኝና "አንተስ ስንት አለህ?" አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ጌሙን ኪሱ ከተተና "ሂድ፣ ተቀመጥ" አለኝ።

በሚቀጥለው እሁድ፣ ለወደቁ ጓዶች የኅሊና ጸሎት ለማድረግ ቆመን ሳለ፣ አዳራሹ ጸጥ እንዳለ፣ ከሊቀመንበሩ ኪስ "ጢጥ፣ ጢጥ" የሚል ድምፅ መጣ። ሁላችንም ሰምተናል። ማንም ግን አልሳቀም፤ ያለን አንዳንድ ነፍስ ብቻ ነበር።