ለበሽተኛ የተገዛ ብርቱካን

(ከዳባት ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ረፋድ ላይ። የአስጎብኚ ድርጅት መኪና ቆሟል። ሾፌሩ ጋሽ ሞላልኝና ወጣቱ አስጎብኚ ናሁሰናይ ከኋላ ጎማው ሥር ቁጢጥ ብለዋል፤ ሊዝቤት የምትባል የውጭ አገር እንግዳ መኪናው ውስጥ መስኮት ዘግታ ተቀምጣለች።)

ሞላልኝ፦ ፈታሁት፣ መልሼ አጠበቅኩት። ፈታሁት፣ መልሼ አጠበቅኩት። ከዚህ በላይ ምን ላድርገው? ጎማው እኮ ምንም አልሆነም!

ናሁሰናይ፦ ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ትሰማለች።

ሞላልኝ፦ ብትሰማስ? ከአማርኛ የምታውቀው «አመሰግናለሁ»ን ብቻ ነው።

ናሁሰናይ፦ ቁጣዎንማ ትሰማለች። እባክዎ፣ አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻ። ይፍቱት።

ሞላልኝ፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳሁ፤ ደህና ጎማ የሚያስፈታ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ደግሞ ረስተኸዋል እንጂ ይቺ ሴትዮ በአገሯ ሾፌር ነበረች። የአውቶብስ ሾፌር፣ ያውም ሃያ ስድስት ዓመት! የመጀመሪያው ቀን ገና ከጎንደር ስንወጣ ጆሮዋን ወደ ሞተሩ ጣል አድርጋ ምን ነበር ያለችህ?

ናሁሰናይ፦ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ላልቷል ብላ ነበር።

ሞላልኝ፦ ላልቶ ነበር ወይስ አልነበረም?

ናሁሰናይ፦ ላልቶ ነበር።

ሞላልኝ፦ እሷን ነው እንግዲህ በጎማ የምታታልላት።

ናሁሰናይ፦ ዛሬ ጎማ የምታይበት ልብ የላትም። ሐሳቧ ሁሉ ባሏ ጋ ነው።

ሞላልኝ፦ ባሏ የት ነው ያለው?

ናሁሰናይ፦ ጋሼ...

ሞላልኝ፦ ያልካትን ነው የጠየቅኩህ። የት ነው ያለው?

ናሁሰናይ፦ ጎንደር፣ ሆስፒታል።

ሞላልኝ፦ ቦታውንስ አልዋሸህም። አልጋ ላይ ተኝቶ እየጠበቀሽ ነው ያልከው ነው ውሸቱ። ትናንት ከጭነቅ እየበረርን ስንወርድ፣ ሳንቃ በር ሳንደርስ፣ እዚሁ መኪና ውስጥ አንተ ጭን ላይ ነው ያለፈው። አሁን እሷ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ።

ናሁሰናይ፦ አያስታውሱኝ።

ሞላልኝ፦ ጠዋት «ወደ ፊት ትቀመጥ» ያልኩህ ለዚያ ነበር።

ናሁሰናይ፦ ብያት ነበር እኮ። «ጉልበቴን የምዘረጋው ከኋላ ነው» አለች። በዚያ ጉልበት የተነሳ ነው መጀመሪያም ከባሏ ጋር ተራራ ያልወጣችው።

ሞላልኝ፦ እሺ፣ እስከ መቼ ነው እዚህ የምንቆመው?

ናሁሰናይ፦ ከኤምባሲያቸው አንድ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እየመጣ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ጎንደር ይገባል። እሱ ይንገራት። የአገሯ ሰው ነው፣ ቋንቋዋን ያውቃል።

ሞላልኝ፦ ዘጠኝ ሰዓት! ገና ሦስት ተኩል ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጎማ ልፍታ?

ናሁሰናይ፦ ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ ቁርስ እንበላለን። ቀስ ብለን እንነዳለን። መንገዱ ተዘግቷል እንላታለን...

ሞላልኝ፦ ከዚያስ?

ናሁሰናይ፦ እንጃ፣ አላሰብኩትም።

ሞላልኝ፦ ... ደህና ነን ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! አይ፣ ክሪክ አለን፣ ሂድ አንተ! ... አየህ? የሚያልፈው ሁሉ ልርዳችሁ እያለ ነው። አንዱ ወርዶ ጎማውን በእጁ ነካ ቢያደርገው በአደባባይ መሳቂያ ነን።

ናሁሰናይ፦ ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት ይህ ይጠፋዎታል? መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው? መንገድ ዳር? ለብቻ? ሰው ወገኑ በተሰበሰበበት፣ የሚይዘው ባለበት ነው እንጂ! አክስቴ የወንድሟን ሞት በስልክ ነገሯት። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ከደረጃ ወድቃ እጇ ተሰበረ። እስከ ዛሬ ድስት አታነሳም። ይቺ ሴት እዚህ አገር ማን አላት? ብትወድቅ ማን ይይዛታል?

ሞላልኝ፦ ይህን አልክድህም። ደግ አስበህ ነው የጀመርከው። ብቻ፣ በየሰዓቱ አዲስ ነገር እየጨመርክበት ነው። ብርቱካኑን ያስገዛሃት አንተ ነህ?

ናሁሰናይ፦ ምን ላድርግ? «እዚህ አገር ለታመመ ሰው ምን ይወሰዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። ብርቱካን አልኳት። ከዚያ ደባርቅ ገበያ ካልወረድኩ አለች። አንድ በአንድ እያሸተተች ነው የመረጠችው፤ ለስላሳውን ነው የሚወደው እያለች።

ሞላልኝ፦ አይ ልጄ፣ ልጄ!

ናሁሰናይ፦ ያደረችበት ሎጅ ሴቶችስ ያደረጉትን አዩ? አትውጡ ብዬ ስለምናቸው አድሬ፣ ጠዋት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ተደርድረው ጠበቋት። ምን ብትል ጥሩ ነው? «ለመሸኛ እንዲህ ነው የሚለበሰው? ሲያምር!» ብላ ፎቶ አነሳቻቸው። ያኔ ወጥ ቤቷ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ሞላልኝ፦ ምን ብለህ ሸፈንከው?

ናሁሰናይ፦ ሽንኩርት ስትልጥ ነበር አልኳት።

ሞላልኝ፦ ገና ሻይ ሳይፈላ ሽንኩርት?

ናሁሰናይ፦ አይሳቁ ጋሼ።

ሞላልኝ፦ እየሳቅኩ አይደለም። የኔንም አልነገርኩህም። ትናንት ማታ እሱን ጎንደር አድርሰን ተመልሰን ሎጁ በር ላይ ከመኪናው ስወርድ ወደኔ መጣች። ቋንቋ የለን፤ በእጇ የሰውዬውን ቁመት ሠራችና አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ «እህ?» አለችኝ። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። እኔም አውራ ጣቴን ቀሰርኩላት። ይቺን ጣት! ሌሊቱን ሙሉ ጣቴን ሳያት አደርኩ።

ናሁሰናይ፦ እንግዲያው እርስዎም...

ሞላልኝ፦ እኔም ዋሽቻለሁ፤ ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ። ቆይ፣ ያ የሚንጫጫው ምንድን ነው? ኪስህ ውስጥ።

ናሁሰናይ፦ ስልክ ነው።

ሞላልኝ፦ ያንተ ስልክማ ዳሽቦርዱ ላይ ነው።

ናሁሰናይ፦ ... የሷ ነው። ቻርጅ ላድርግልሽ ብዬ ወሰድኩት።

ሞላልኝ፦ አንተ ልጅ!

ናሁሰናይ፦ ኤምባሲው ለልጇ ነግሯታል ጋሼ! ልጅቷ ከጠዋት ጀምራ እየደወለች ነው። አሥራ አራት ጊዜ ደውላለች። ብሰጣት እዚያው ወንበሯ ላይ፣ በስልክ፣ ብቻዋን ልትሰማው ነው። አልሰጥም ብል ደግሞ... ሌባ ሆንኩ። ወደ ፊት እንዳልሄድ ሆስፒታሉ አለ። ወደ ኋላ እንዳልመለስ የሎጁ ሴቶች አሉ። እዚህ እንዳልቆም ስልኩ አለ። የት ልግባ?

ሞላልኝ፦ የምትገባበት አንድ በር ነው ያለው። ያ፣ የኋላው በር።

ናሁሰናይ፦ እርስዎ ይንገሯት እንግዲያው!

ሞላልኝ፦ በምን አፌ? ቋንቋው ቢኖረኝ ትናንት ማታ ነግሬያት ነበር። ስማ፣ አንድ ነገር ላውራህ። ሪያድ የሰው ቤት መኪና ስነዳ እናቴ ሞተች። ጓደኞቼ እንዳንተ አዋቂዎች ነበሩ፤ ብቻውን እንዳይሆን፣ የበዓሉ እረፍት ሲደርስ ተሰብስበን እንነግረዋለን አሉ። ሃያ ሁለት ቀን ደበቁኝ። በሦስተኛው ቀን የአንዱ ሠርግ ነበር። ሸሚዜ ከጀርባዬ እስኪጣበቅ ጨፈርኩ። እናቴ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ እኔ እስክስታ! ሙሽራው እንኳ እንደኔ አልጨፈረም። እነሱ ሁሉ ያውቃሉ፤ ከበውኝ ያጨበጭባሉ።

ናሁሰናይ፦ ምን ያድርጉ እነሱስ? ቢያቆሙዎት ይጠረጥራሉ።

ሞላልኝ፦ ልክ ነው፣ ምን ያድርጉ። አልተጣላኋቸውም። ሲነግሩኝም ይዘውኛል፣ አብረውኝ አልቅሰዋል። ግን የዚያ ሠርግ ፎቶ አለ። ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ዛሬም እናቴን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሷ አይደለችም፣ ያ ፎቶ ነው። ይቺም ሴት የባሏን ነገር ባነሳች ቁጥር ብርቱካን ስታሸት የዋለችው እንዲመጣባት ነው የምታደርገው።

ናሁሰናይ፦ ሌላም አለ።

ሞላልኝ፦ ምን?

ናሁሰናይ፦ እርስዎ ጭነቅ ነበር የጠበቁን። ግጭ የድንኳን ሰፈር በእግር ስንደርስ አልነበሩም።

ሞላልኝ፦ አልነበርኩም። መኪና አይገባም። እና?

ናሁሰናይ፦ ግጭ ላይ ሰውዬውን ራሱን አመመው።

ሞላልኝ፦ መቼ? የመጀመሪያው ቀን?

ናሁሰናይ፦ የመጀመሪያው ቀን። ራት አልበላም። ስልጠና ላይ ያስጨበጡን አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ራሱን ያመመው ሰው ሳይሻለው ከፍ ወዳለ ቦታ አይወጣም። ካልተሻለው ይወርዳል፤ አለዚያ ከፍታው ይገድለዋል። በቃ፣ ከዚህ ሌላ ሕግ የለውም። እኔም ነገርኩት። «ነገ እንውረድ» አልኩት።

ሞላልኝ፦ እሱስ?

ናሁሰናይ፦ ሳቀብኝ። «ለቧሂት ተራራ አሥር ዓመት ጠብቄያለሁ፣ ለራስ ምታት አልመለስም» አለኝ። ጠዋት ተሻለኝ አለ። እንዳልተሻለው አይቻለሁ ጋሼ፤ የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት እኔ ነኝ ያሰርኩለት። «ለሊዝቤት እንዳትነግራት፣ ካወቀች ታስወርደኛለች» አለኝ። እሺ አልኩ።

ሞላልኝ፦ እሷ ደውላ ነበር?

ናሁሰናይ፦ ኔትወርክ የሚይዝባት አንዲት ገደል አፋፍ አለች። እዚያ ስንደርስ ደወለች። «ዊም እንዴት ነው?» አለች። ዊም ራሱ አጠገቤ ቆሞ በጣቱ «ዝም» እያለኝ ነው።

ሞላልኝ፦ ምን አልካት?

ናሁሰናይ፦ እንደ ዋልያ እየዘለለ ነው አልኳት። በጣም ሳቀች። የሳቋ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። አንድ ቃል ተንፍሼላት ቢሆን በዚያው ቀን ታስወርደው ነበር። ዛሬ ሎጁ በረንዳ ላይ ሻይ ይጠጣ ነበር።

ሞላልኝ፦ እንግዲህ የኤምባሲውን ሰውዬ የምትጠብቀው ለዚህ ነዋ።

ናሁሰናይ፦ ለሁለቱም ነው። ስለ አክስቴ የነገርኩዎት ውሸት አይደለም።

ሞላልኝ፦ ውሸት ነው አላልኩም። ግን ሰውዬው መጥቶ «ባልሽ ሞቷል» ይላታል፤ ስለ ራስ ምታቱ እሱ ምን ያውቃል? በቅሎ ነጂዎቹ አይናገሩ፣ የፓርኩ ጠባቂ ስካውቱ አይናገር። አንተ ከጀርባው ቆመህ ታለቅሳለህ። እሷ ደግሞ አቅፋህ «ጥሩ ልጅ ነህ» ትልሃለች። ይህንን ትችለዋለህ?

ናሁሰናይ፦ አልችለውም።

ሞላልኝ፦ ንገራት ስልህ ደግሞ ቀላል ነው እያልኩህ አይደለም። ፈቃድህን ሊነጥቁህ ይችላሉ። ሰውዬውም ትልቅ ሰው ነበር፣ ነግረኸው እምቢ ያለው እሱ ነው። ይህንንም ትነግራታለህ። አንተ የራስህን፣ እሱ የራሱን። ከፍሎ ማየት የሷ ነው።

ናሁሰናይ፦ ብትጮህብኝስ? ብትመታኝስ?

ሞላልኝ፦ ትመታሃለች። እኔንም ትምታኝ።

ናሁሰናይ፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ጋሼ። እሱ መርዶውን ይንገራት፤ ስለ ራስ ምታቱ እኔ በኋላ፣ ትንሽ ስትረጋጋ...

ሞላልኝ፦ ተው። በሩ ተከፈተ።

ናሁሰናይ፦ ወይኔ። ይፍቱ፣ ይፍቱ! ክሪኩን ይያዙ!

ሞላልኝ፦ ምኑን ልፍታ? እየመጣች ነው። በዚያ ጉልበቷ... ዘንቢሉን ይዛለች።

ናሁሰናይ፦ ብርቱካኑን?

ሞላልኝ፦ እንካችሁ እያለችን ነው። ተቀበል እንጂ! እኔ ተቀብያለሁ። አመሰግናለሁ፣ እመቤቴ፣ አመሰግናለሁ። ... ጎንበስ ብላ ምን እያየች ነው?

ናሁሰናይ፦ ጎማውን።

ሞላልኝ፦ በመዳፏ ጫነችው። አልኩህ አይደል? ... ምን አለች?

ናሁሰናይ፦ ጎማው ምንም አልሆነም አለች።

ሞላልኝ፦ ከዚያ በላይ ተናግራለች። ረዘም አድርጋ ነው የተናገረችው።

ናሁሰናይ፦ «ሾፌር ደህና ጎማ የሚፈታው መድረስ ሲፈራ ነው» አለች።

ሞላልኝ፦ ሌላስ?

ናሁሰናይ፦ «ምንም ይሁን፣ እዚሁ ንገሩኝ። ብቻዬን አይደለሁም፤ እናንተ ሁለት ሰዎች አላችሁ» አለች።

ሞላልኝ፦ ... መፍቻውን ወዲህ በል። ስልኳን አውጣና ስጣት። እኔ ክንዷን እይዛለሁ፣ አትወድቅም። ተነስ ልጄ፣ ከራስ ምታቱ ጀምር።