አንድ ክንድ ማስተካከል

በዚህ ዘመን ስለ አገር የማያወራ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ስለ ገዛ ደጁ የሚያወራ ማግኘት ግን ከዚያም ይብሳል። እኔ ፈላስፋ አይደለሁም፣ መድኃኒት ሻጭ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒዬ ጀርባ ቆሜ የሰው ወሬ እሰማለሁ። ሹማምንቱ አስመሳይ ናቸው፣ ሰዉ ራስ ወዳድ ሆነ፣ ማስተዋል ከምድረ ገጽ ጠፋ ይሉኛል። እንዲህ እያለ የሚያማርረው ሰው ታዲያ ወረፋውን ጥሶ ከፊት የቆመው ነው። እኔም አፌን ይዤ እሸጥለታለሁ፤ ንግድ ነዋ።

አንድ ቀን ለምሳ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ በመንደራችን መግቢያ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ረጅም አጣና በሁለት እጇ አግድም ይዛ ቀስ እያለች ስትራመድ አገኘሁ። ሆዷ ገፍቷል። የአባ ገመድ ልጅ ናት፤ በሌላ ከተማ አስተማሪ ስትሆን ለመውለድ ወደ አባቷ ቤት መምጣቷን ሰምቼ ነበር። አባ ገመድ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው መሬት ላይ ገመድ ሲጎትቱ ስለኖሩ ስሙ በዚያው ቀረ። እሳቸው ከኋላዋ ኮታቸውን እንደ ለበሱ፣ ፊታቸውን ቋጥረው ይከተሏታል።

ምን እየሠራች እንደሆነ ብጠይቃት፣ አጣናው የአምቡላንስ ስፋት ነው አለችኝ። ሆስፒታል ሄዳ ከሾፌሩ ጠይቃ አስቆርጣዋለች። ሐኪሟ እንግዴ ልጁ ከማህፀኗ አፍ ላይ መሆኑን፣ ደም ካየች ለደቂቃ እንኳ መዘግየት እንደሌለባት ነግሯታል። የአባቷ ቤት ያለው ደግሞ ከመንገዱ መጨረሻ ነው። አጣናውም ገና ከመግቢያው ካለው ምሰሶ ጋር ተላትሞ ነበር።

ስለዚህ ምሰሶ ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባም። መንገዳችን ዱሮ ሁለት መኪና ያሳልፍ ነበር ይባላል። ግን በመንደራችን አጥሩን የሚያድስ ሁሉ አንድ ክንድ ወደ መንገዱ ወጣ ይላል። ይህን ስርቆት ብሎ የሚጠራው የለም፤ ‘ማስተካከል’ ነው የሚባለው። “አጥርህን አስተካከልክ ወይ?” ይባባላሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ያህል። ከዕለታት አንድ ቀን መንገዱ ጠበበ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ሁሉም አለቀሰ፣ ሁሉም አወገዘ። በመጨረሻም በአንድ ድምፅ ማስታወቂያ እንዲተከል ተወሰነ። ሰው ሁሉ እንዲያየው ብለው የሲሚንቶ ምሰሶውን የመንገዱ አፍ መሃል ላይ ተከሉት። በላዩ ላይ ባለው ትልቅ የብረት ሰሌዳ “መንገዱ የጋራችን ነው፤ እንጠብቀው” ተብሎ ተጻፈበት። ሪባን ሊቆርጡ የመጡት ሹም መኪናቸው አልገባ ስላለ በእግራቸው መጥተው ቆረጡ። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ተከራይ ነኝ፣ የምገፋው አጥር የለኝም፣ አከራዬ ደግሞ ከጎኔ ቆመው ነበር።

ልጅቱ አጣናውን በምሰሶው ጎን አሳልፋ ጉዞዋን ቀጠለች። ቀጥሎ የያዛት ወደ መንገዱ የወጣው የሰፈሩ ሊቀመንበር በረንዳ ነው። ሊቀመንበራችንን አቶ አደራ እንላቸዋለን፤ ንግግር ሲጀምሩም ሲጨርሱም አደራ ስለሚሉ። ከበረንዳው አለፈችና መጨረሻ ላይ የያዛት አጥር ዘንድ ስትደርስ ቆመች። የገዛ አባቷ የድንጋይ አጥር ነበር።

አባ ገመድ መጀመሪያ አጣናው ረዝሟል አሉ። ቀጥለው ሾፌሩ አጋኖ ነው አሉ። በዓይን የለካ ቀያሽ በአጣና አይረታም ብለው ሊስቁም ሞከሩ። ልጃቸው ግን አልሳቀችም።

“ያሰፋሁት አንድ ክንድ ናት” አሉ በመጨረሻ። “ሌላው የወሰደውን አላየሽም?”

“አይቻለሁ አባባ። ሁሉም የወሰደው አንድ አንድ ክንድ ነው።”

“ታዲያ እኔ ብቻ ምን ቤት ነኝ? ላይ ያሉት አገር ሲግጡ ዝም ተብሎ የኔ አጥር ይቆጠራል? ከራስ በላይ ነፋስ ያለ ዘመን ነው። ይህን አመል እኔ አላመጣሁትም፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።”

“እሺ፣ በተረቱ ውስጥ እኛ የትኛው ነን? ውሻው ነን ወይስ ጅቡ?”

አባ ገመድ ወደ እኔ ዞሩ። የሰው ልጅ በክርክር ሲጨንቀው ሦስተኛ ሰው ይፈልጋል። “ትሰማታለህ ዶክተር?” አሉኝ፤ መድኃኒት ሻጭ ሁሉ ለሳቸው ዶክተር ነው። እኔ ምሳዬ እየቀዘቀዘ እንደሆነ ላስታውሳቸው አሰብኩ። በአባትና ልጅ መካከል የገባ ሰው ሁልጊዜ ተጎድቶ ይወጣል። ነገር ግን ልጅቱ አጣናውን እንደጨበጠች ወደ መንገዱ መግቢያ ደጋግማ ስታይ አየሁና ቆምኩ። ፈርታለች። ክርክር የያዘችው ለመርታት አልነበረም።

“አባባ፣ አይቆጡኝ” አለች። “ማታ ማታ ሬዲዮውን ከፍተው የሚናገረውን ሹም ይረግሙታል። ሕዝቡ፣ ሕዝቡ እያለ የራሱን ኪስ ይሞላል ይላሉ፤ እውነትዎን ነው። እርስዎም በስብሰባው መንገዱ፣ መንገዱ ብለው እጅ አውጥተዋል። ማታውኑ ደግሞ ለአጥርዎ ማስፊያ ድንጋይ ደጅዎ ተራገፈ። እሱ የወሰደው ይበዛል እንጂ ነገሩ ያው ነው።”

“ከሌባ ጋር ታወዳድሪኛለሽ?” ድምፃቸው ወረደ። ከመጮህ ይልቅ ይህ አስፈራኝ።

“ያስተማሩኝን ነው የምመልስልዎ። ልጅ ሆኜ ሥራ ቦታ ይዘውኝ ሲሄዱ፣ ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው በመሃላቸው የወሰን ድንጋይ ሲተክሉ አይቻለሁ። ያን ቀን ምን አሉኝ? ወሰን የገፋ ሰው ጎረቤቱን ብቻ ሳይሆን ነገ የሚመጣውንም ነው የሚገፋው አሉኝ።” እጇን ከአጣናው ላይ አንስታ ሆዷ ላይ አደረገች። “የሚመጣው ይኸው መጣ።”

ሽማግሌው ወደ ጎረቤቶቹ ቤት አመለከቱ። ከዚያ፣ ካስፈለገ ጎረቤት ተረባርቦ በአልጋ ተሸክሞ ያወጣሻል፣ ሰው አልጠፋም አሉ። እሷም ሰው እስኪሰበሰብ፣ አልጋው ከበሩ እስኪወጣ፣ በዚያ ጠባብ መንገድ አራት ሰው ጎን ለጎን መሄድ እስኪችል ደሟ እንደማይጠብቃት በቀስታ ነገረቻቸው። የዛሬ ዓመት ከጎረቤት አስከሬን ሲወጣ ሳጥኑን አጋድመው እንዳሳለፉትም አስታወሰቻቸው። የሞተው ታገሠ፤ እኔ አልታገሥም አለች።

“ብቻዬን ባፈርስ ሞኝ ነው የምባለው” አሉ። “ደግሞስ እኔ ስለቅ ሌላው ቢይዘውስ?”

“ሊይዘው ይችላል። ሌላው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። እኔ የማውቀው አጣናው እዚህ ጋ እንደያዘኝ ነው።”

ይህን ሲባባሉ አቶ አደራ ከበረንዳቸው ተነስተው መጡ። ጉዳዩን እንደሰሙ አደራ በስሜት አንመራ አሉ። ነገሩን የሚያጠና ኮሚቴ እንደሚቋቋም፣ ምሰሶው ግን በይፋ የተመረቀ ስለሆነ ያለ ቃለ ጉባኤ እንደማይነካ አብራሩልን። በረንዳቸውን በተመለከተ ጊዜያዊ ነው አሉ። እኔ ወደ ሰፈሩ ስመጣም ጊዜያዊ ነበር። ከዚያ የአባ ገመድን ትከሻ መታ መታ አደረጉና፣ “የእርስዎን አጥር ማን ይነካዋል? እኔና እርስዎ እኮ እንተዋወቃለን፤ አንድ ነን” አሏቸው።

አባ ገመድ ትከሻቸው ላይ ያረፈችውን እጅ ትክ ብለው አዩዋት። እኚህን ሰው ማታ ማታ ከሬዲዮው ሹም እኩል ሲያሟቸው የኖሩ ናቸው። እኔ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ ሰውን እንዲህ የሚያንበረክክ ግን አላየሁም። የልጅቱ ቃል አንገታቸውን አስደፋ፣ የአቶ አደራ ወዳጅነት ግን ጨረሳቸው። “አንድ ነን አልክ?” አሉ። ልጃቸውን በክንዷ ደግፈው ወደ ቤት አስገቧት።

በማግስቱ ጠዋት መዶሻ ሲያነሱ አየኋቸው። አጥራቸውን ከዳር እስከ ዳር አፈረሱና ድንጋዩን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ገመዳቸውን ወጥረው በዱሮው ወሰን ላይ እንደገና መካብ ጀመሩ። ሰፈሩ ወሬ አገኘ። አባ ገመድ ጃጁ፣ ልጃቸው ራሳቸውን አዞረችባቸው ተባለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፣ እዚህ ግን የለቀቀው ነው ሞኝ የተባለው። ፊት ለፊት ያሉት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ብቻ የቆርቆሮ አጥራቸውን ነቅለው ወደ ውስጥ ሳቡ። የቀረው ሁሉ እናያለን አለ። እኔም አየሁ። በየቀኑ ሱቄን ዘግቼ ስመጣ ምሰሶውንና በረንዳውን እያየሁ አልፋለሁ፤ ለማን ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

እሑድ ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊዋ በሬን ደበደቡት። ልጅቱ ደም አይታለች። አምቡላንሱ ተጠርቶ መጥቷል፣ ግን ምሰሶው ጋ ቆሟል። ስደርስ ሾፌሩ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያዞረ ይሞክራል፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ምክር ይሰጣል። አባ ገመድ ከመንገዱ ጫፍ መዶሻቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። በዚያ ዕድሜ ሲሮጡ ማየት ልብ ይሰብራል።

የመጀመሪያውን መቱ። አቶ አደራ ከበረንዳቸው ላይ ሆነው አደራ፣ ሥርዓት እንጠብቅ፣ የሕዝብ ንብረት ነው ማለት ጀመሩ።

“ልጄ እየደማች ነው” አሉ አባ ገመድ፣ ሳይጮሁ። “ቃለ ጉባኤው ላይ ስሜን ጻፈው።”

ያን ጊዜ ነው ሌላው ሰው የነቃው። አንዱ ዲጂኖ አመጣ፣ እኛም በገመድ ጎተትን፤ ምሰሶው ወደቀ። አምቡላንሱ ገባ፣ የአቶ አደራ በረንዳ ጋ ሲደርስ ግን አንዱ ጎማ በመንገዱ ዳር ወዳለው ቦይ ሊገባ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ የወደቀውን የብረት ሰሌዳ አዩ። አራት ሆነን አንስተን ቦዩ ላይ አጋደምነው፣ ጎማው በላዩ ሄደ። “መንገዱ የጋራችን ነው” የሚለው ጽሑፍ ተጣመመ። ሰሌዳው ከተተከለ ወዲህ ለሰው የጠቀመው ያን ቀን ነው።

በአባ ገመድ በር ላይ መኪናው ሳይነካካ ዞረ። ልጅቱን ሲያስገቧት ፊቷ ነጭ ሆኖ ነበር፤ አባቷ እጇን ይዘው አብረው ገቡ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ የሆነውን መጠበቅ አልናገረውም። ሴት ልጅ ተወለደች። እናትም ተረፈች። ሐኪሙ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ብሎ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም አሉኝ አባ ገመድ።

በቀጣዩ ስብሰባ አቶ አደራ “ባደረግነው የተቀናጀ ጥረት” ብለው ሰፊ ንግግር አደረጉ። በረንዳው አሁንም ጊዜያዊ ነው። አባ ገመድ ግን ተነስተው እንደ ዱሮው ማንንም አልረገሙም። እንዲህ ነው ያሉት፦ አንድ ክንድ ብትለቁ ከግቢያችሁ የሚቀንሰው አንድ አበባ መትከያ ነው። መንገዱ የሚያገኘው ግን አምቡላንስ ነው፣ እሳት ሲነሳ የእሳት አደጋ መኪና ነው፣ ውሃ ሲጠፋ የውሃ ቦቴ ነው፣ ሬሳችሁም ሳይጋደም ይወጣል። ሹሙ እስኪታረም የሚጠብቅ ሰው ሹሙን የሚመስልበት ጊዜ ብቻ ነው የሚረዝምለት። እኔ ይህን የተማርኩት ከሰባ ዓመት በኋላ ነው፤ እናንተ ቀድማችሁኝ ተማሩት። ሲጨርሱ ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። አምስት አጥሮች ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ ተመልሰዋል፣ ሌሎቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ሽማግሌው በየሳምንቱ ያንን አጣና አግድም ይዘው ከመግቢያው እስከ ቤታቸው ይሄዳሉ። የሚስቅባቸው አለ፣ በር ላይ ወጥቶ የሚያያቸውም አለ።

ትናንት ሱቄን ዘግቼ ስመለስ ግን ከአንድ አጥር ፊት አዲስ ብሎኬት ተደርድሮ አየሁ። ከዱሮው መሠረት አንድ ክንድ ወጣ ብሎ፣ በጥሩ ቀጥታ መስመር። አጥሩ የአከራዬ ነው። ቤቴን ልቀቅ ለማለት አንድ ቃል ይበቃቸዋል፣ ሌላ ቤት ማግኘት ምን እንደሆነ ደግሞ የተከራየ ያውቀዋል። ዝም ብዬ አልፌ ወደ ክፍሌ ልገባ ነበር። አልፌም ነበር።

ተመልሼ በራቸውን አንኳኳሁ። ሲከፍቱልኝ ራት ላይ ነበሩ፤ ግባ እንጂ፣ ምን ሆነሃል፣ አሉኝ።

“ደህና አመሹ” አልኳቸው። “ስለ ብሎኬቱ ነው የመጣሁት።”